ክንፍ የሌላት ዝንብ

ሶባ፣ ካርቱም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደብዳቤዎን ሹፌሩ ገብረየስ ሰጥቶኛል፤ መልሱን እስከ ዛሬ በማቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። የልጅዎ ሚስት ከሆንኩ ስንት ዓመቴ፣ በማሩ ወረቀት ጥግ ላይ ሰላምታ ከመጨመር አልፌ ለብቻዬ ጽፌልዎ አላውቅም። ፊደሌ ቢያስቅዎ አይፍረዱብኝ።

«ማሩ ለምን በራሱ እጅ አይጽፍልኝም?» ላሉት፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ወረቀት ይዞ መቀመጥ አልሆነለትም። ይህን ደብዳቤም አያውቀውም፤ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ።

ጉዳዬ የንብ ነው። ቀፎዎቻችን ያሉት ኦመር በሚባል ጎረቤታችን እርሻ ጥግ ላይ ነው። ሎሚ አለው፣ ለከብት የሚሆን በርሲም የሚሉትን ሣርም ይዘራል፤ አበባው ለንብ ይስማማል። ያ ሁሉ ተኩስ በነበረበት ጊዜ ሰው ከሶባ ሲሸሽ ማሩ ንቦቹን ትቶ አልሄደም፣ እኔም እሱን ትቼ አልሄድኩም። እንግዲህ ቀፎዎቹ ለእሱ ምን እንደሆኑ ለእርስዎ አልነግርዎትም። የምንበላው ከእነሱ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ግን እነሱ ከጠፉ ጠዋት ከአልጋው የሚነሳበት ምክንያት አይኖረውም ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ንቦቹ ላይ ቀይ ቡናማ ነገር ተጣብቆ አገኘሁ። የጎመን ዘር ታክላለች። ኦመር ሲያያት ራሱን ይዞ «ያ ሐመልማል፣ ዲ ፋርዋ!» አለ። ፋርዋ የሚሉት የንብ መዥገርን ነው። የወንድሙን ቀፎዎች አንድ ሳያስቀር የጨረሰበት እሱ ነው አለኝ። መድኃኒቱ ድሮ ባሕሪ ከተማ ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ የት ይገኛል? የኦመር ቀፎዎች ከአጥሩ ማዶ ስለሆኑ፣ ሳይሻገርባቸው የእኛዎቹ ይቃጠሉ ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የእሱም እንዳያልቁበት ፈርቶ ነው። ማሩም «አቃጥል» አለው። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሩ ሳይሰማ «አባቱ የንብ ባለሙያ ናቸው፤ እሳቸውን ሳልጠይቅ ክብሪት አትጭርም» አልኩት። ኦመር ሽማግሌ ያከብራል፤ «ታይብ፣ ጠይቂያቸው» ብሎ ጊዜ ሰጠኝ።

ስልኬ ትንሽ ነገር ቀርቦ አያነሳም። ዐረብ አገር አል-ጣኢፍ ሰው ቤት ስሠራ የልጆቹ አስተማሪ ያሳየችኝ ዘዴ ትዝ አለኝ፤ የካሜራው መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ሲያስቀምጡ ያጎላል። በዚያ ነው ያነሳሁት። የስልኩ ሚሞሪ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለሻይ በላክኩልዎ የከርከዴ ከረጢት ውስጥ አለ። እባክዎ ሳያወጡት ከርከዴውን እንዳያፈሉት።

ልጅዎ
ሐመልማል


ቆላድባ
ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። «ልጅዎ» ብለሽ የፈረምሽባትን ቦታ ደጋግሜ አነበብኳት፤ ደስ አለችኝ። ስለ ፊደልሽ አትጨነቂ። ወረዳው ግብርና ስሠራ ከዚያ የባሰ የኃላፊ ጽሕፈት እያነበብኩ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ለምን አንደዋወልም ብለሽ ለገብረየስ የነገርሽውን አድርሶኛል። ልጄ፣ ጆሮዬ ስልክ ላይ ፈጽሞ እንቢ ብሏል። ባለፈው ማሩ የደወለልኝ ጊዜ እሱ ስለ ጦርነቱ ሲነግረኝ እኔ ስለ ዝናቡ ስመልስለት ነበር አሉ። እዚህ ያሉት ሰዎች እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለናል።

ሚሞሪውን ወስጄ ፎቶ ቤት አሳተምኩት። የፎቶ ቤቷ ባለቤት ህሊና የሠርግና የክርስትና ፎቶ የለመደች ናት፤ «አባባ፣ ዘንድሮ ማንን ልንድር ነው?» ብላ ቀለደችብኝ። ካነሳሻቸው አብዛኞቹ የአንቺ አውራ ጣት ናቸው። ሸጋ ጣት ነው፣ እግዜር ይጠብቀው፤ መዥገር ግን የለበትም። በአንዱ ብቻ ንቧ ትታያለች፣ እሱም ደብዝዟል።

ሳይለዩ ማቃጠል የለም። ለኦመር እንዲህ ብለውሃል በይው። መዥገር ስምንት እግር አለው። ስድስት ከሆነ ግን ሌላ ፍጥረት ነውና እግሩን ቁጠሪልኝ። ንቧን ክዳን ባለው ብርጭቆ አድርገሽ በረዶ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ብታስቀምጫት ትደነዝዛለች እንጂ አትሞትም፤ ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ። ነገርዬው ተጣብቆ ይቀመጣል ወይስ ይሯሯጣል? አውራዋ ንብ ላይስ አለ? ይህንንም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማሩ የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ጀምሮ ከእኔ ጋር ቀፎ ሲከፍት ነው ያደገው። ንብ ላይ የሚወጣውን ተባይ ሁሉ እጄ ላይ አድርጌ አሳይቼዋለሁ። እኔን ከዚህ ድረስ ከምትጠይቂ ለምን ቀና ብሎ እንዲያያት አታደርጊውም? «አቃጥል» ማለቱም ከማውቀው ልጄ አፍ የሚወጣ ቃል አይደለም። ምን ነክቶት ነው?

አባትሽ
ዓለምነህ


ሶባ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላኛውን ንብ ነድፋኝ አብጧል። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ንብ እፈራለሁ። ሳገባው «አንተ ቀፎህን፣ እኔ ድስቴን» ተባብለን ነበር። እንግዲህ ይኸው።

በረዶ ገዝቼ እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ንቧ ደነዘዘች። እግሩን ቆጠርኩ። አባባ፣ ስምንት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ኦመርም ቆጠረ፣ ስምንት ነው። በእመብርሃን እምልልዎታለሁ። ማሩ ከቤት ሆኖ «ስንት ሆነ?» አለኝ። «ስምንት» አልኩት። «በቃ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ስለ ንብ አንድ ነገር አልጠየቀኝም።

የቀረውንም ልንገርዎ፤ ነገርዬው በፍጹም አይቀመጥም፣ ንቧ ጀርባ ላይ ይሯሯጣል። አውራዋ ላይ ሦስት ቆጥሬያለሁ። ንቦቹ ሲያጎርሷት ሦስቱም ወደ አፏ ይሮጣሉ፤ ሆዴ እያዘነ ሳቄ መጣ።

ኦመር «ከበዓላችሁ በፊት አልነካውም» ብሏል። ገና እስኪያልፍ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወላሂ አልጠብቅም አለ። እኔም ልፈርድበት አልችልም፣ የእሱም ልጆች የሚበሉት ከዚያው ነው።

አዲሶቹን ፎቶዎች ልኬያለሁ። በሁለተኛው ላይ ንቧን በመዳፉ ይዞልኝ የሚታየው ማሩ ነው።

ስለ እሱ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰላም ይላችኋል። ሌላውን አይጠይቁኝ አባባ፣ እባክዎ።

ልጅዎ
ሐመልማል


ቆላድባ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥረዋለሁ። ገብረየስ ደጄ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው አሉኝ፤ እኔ ባልሰማውም ጎረቤት ተማሯል።

ለኦመር ክብሪቱን ኪሱ ይክተት በይው። መዥገር አይደለም። ዝንብ ናት።

አትሳቂ። ክንፍ የላትም፣ መልኳም ዝንብ አይመስልም፣ እኛ ራሳችን የንብ ቅማል ነው የምንላት፤ ወገኗ ግን ከዝንብ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ንብ ላይ ተሳፍራ ስለምትኖር ክንፍ አላስፈለጋትም። ደም አትመጥም፣ ንብም አትገድልም። ሲርባት ወደ ንቧ አፍ ሮጣ ከጉርሻዋ ትሻማለች። አውራዋ ላይ የተሰበሰቡት እሷ ዘወትር ስለምትጎረስ ነው። ይህን ስትጽፊልኝ ነው ልቤ ደንገጥ ያለው። መዥገር ለጉርሻ አይሮጥም። እንደ ልብ የምትገኝም አይደለችም፤ በሥራ ዘመኔ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

እግሩ ስምንት ነው ብለሽ ምለሻል። አልዋሸሽም። በህሊና ማጉያ መነጽር ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ዝንቢቱ የተቀመጠችው ንቧ ራስ ላይ ነው። ከፊት በኩል ከሥሯ ወጥተው የሚታዩት ሁለቱ የንቧ የራሷ ቀንዶች ናቸው። ስድስቱ የዝንቢቱ፣ ሁለቱ የንቧ፤ አንቺ አንድ ላይ ደመርሽው። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ ተሸውጄ ነበር፣ ማንም ይሸወዳል።

መድኃኒቷ ትምባሆ ነው። በቤቴ ስሙ አይጠራም፣ የንስሐ አባቴም ይህን ገጽ ባያዩት ይሻለኛል። ቀፎው ወለል ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊ፤ ከማጨሻው ጥቂት የትምባሆ ጭስ ልቀቂባቸው። ሰክረው ይወድቃሉ። ሳይነቁ ወረቀቱን ሳቢና አቃጥይው። አታብዢው፤ ንቦቹም ይሰክሩብሻል።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ።

ዝንቢቱን ስፈልግ ሁለተኛውን ፎቶ በመነጽር ስመረምር ዋልኩ። የማሩ መዳፍ አለ፣ መዳፉ ላይ ንብ አለች፣ ከላይ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ልጄ፣ ንብ የያዘ ሰው ንቧን ነው የሚያየው። የእሱ ፊት ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ አንቺ ወደምትናገሪበት ይመስለኛል። ጣቶቹ በንብ ተነድፈው አብጠዋል። እሱ እኮ በልጅነቱ እንኳ እንዲህ አይነደፍም ነበር። ይህችን ዝንብ ደግሞ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አንዴ አሳይቼው ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ይለያት ነበር። «ስንት ሆነ?» ብሎ አንቺን ለምን ይጠይቃል?

ልጄ አያይም?

ተሳስቼ ከሆነ ሽማግሌው ጃጅቷል በይና ሳቂብኝ፤ ደስታዬ ነው። ካልተሳሳትኩ ግን «ደህና ነው» ብለሽ አትጻፊልኝ። ከእንግዲህ እሷን ቃል ሳነብ ይከፋኛል።

አባትሽ
ዓለምነህ


ሶባ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። አልተሳሳቱም።

ሕመሙ ከጦርነቱ በፊት የጀመረው ነው። ዓይን ውስጥ የሚጨመር ጠብታ ነበረው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ጠብታው ከገበያ ጠፋ፣ የዓይኑም ብርሃን በዚያው ሄደ። ሐኪም አይቶት ነበር፣ ከእንግዲህ አይመለስም አለው። ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ሌላ የለም። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል። «አባቴ የሚያውቀኝ ንብ የሚያይ ልጅ አድርጎ ነው፤ እንደዚያው ይወቀኝ» አለኝ። አባባ፣ እኔም ይህን ስጽፍልዎ እያለቀስኩ ነው፤ ወረቀቱ ቢጨማደድ በዚያ ነው።

ኦመር ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ ሳነብለት መሬት ላይ ተቀመጠ። ትምባሆው ላይ ስደርስ ግን ተነሳ። «አንቺ ሲጃራ ልትገዢ? አስተግፊሩላህ! ያላ፣ እኔ እገዛለሁ» አለ። ማጨስ ትቻለሁ ብሎ ለሚስቱ ለኒዕማ ምሎላት ኖሮ፣ ጭሱ ሲሸታት ከቤት ወጥታ ቀፎው ድረስ አሳደደችው። ወረቀቱን ስስበው እንደ ጎመን ዘር ተዘርተውበታል። ኦመር መሬት ላይ ተደፍቶ አንዷን በመርፌ እየገለበጠ ቆጠረና «ሲታ! ወላሂ ሲታ!» እያለ ጮኸ፤ ስድስት ማለቱ ነው። ኒዕማም ቁጣዋን ረስታ እልል አለች። ቀፎዎቻችን አሉ፣ አልተነኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደስታው ግን ማሩ ጋ አልደረሰም። ለእርስዎ ጽፌ እንደነበር፣ ዝንቢቱ የትኛዋ እንደሆነችም ነገርኩት። «አባቴ ያሳየኝን ዝንብ መዥገር ብዬ ቀፎዬን ላስቃጥል ነበር። እኔ ከእንግዲህ ንብ አርቢ አይደለሁም» አለ። ንቦቹን ለኦመር ልስጥ እያለ ነው። ኦመር እንቢ አለው፣ እሱ ግን ከደጅ መውጣት ትቷል። የፈራሁት ይህንን ነበር አባባ። ንቦቹን አተረፍንለት፣ እሱ ግን የለም።

«ስለ ዓይኔስ ጻፍሽለት?» አለኝ። «አንድም ቃል» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ቀን አንድም ቃል አልጻፍኩም። እርስዎ ማወቅዎን ግን አልነገርኩትም። ምን ላድርግ?

ልጅዎ
ሐመልማል


ቆላድባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

አልቅሻለሁ አልሽኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ህሊና ፊት ነው ያለቀስኩት፣ ሻይ አዘዘችልኝ። መልስ ያዘገየሁት ልቤ እስኪረጋ ብዬ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱን ይዘሽ ብቻሽን መቆምሽን ሳስብ እግርሽን ባጥበው ደስ ባለኝ።

ልጄ ሆይ፣ ማሩ አንድ ነገር ረስቷል፤ አስታውሽው። እኛ አገር ድሮ ማር የሚቆረጠው በጨለማ ነበር። ንብ በጨለማ አትበርም፣ ቆራጩም አያይም። አባቶቻችን ክንዳቸውን ቀፎው ውስጥ ሰደው በጣታቸው ነበር የሚለዩት። እጭ ያለበት የሰም እንጀራ ይሞቃል፣ ማር የሞላበት ይቀዘቅዛል፣ ባዶው ይቀላል። የሳጥን ቀፎ ይዤ በጠራራ ፀሐይ ክፈቱ ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ መንግሥት የከፈለኝ ለዚያ ነው። ማሩ ያየው የእኔን መንገድ ብቻ ስለሆነ ዓይን ከሌለ ንብ የለም ይመስለዋል። የአያቱን እጅ አላየም። እንደ እነሱ በእጁ የሚያይ ሰው ንብ አርቢ አይደለም ከተባለ እኔ ከማን ተወለድኩ?

ከሰም አንድ ነገር ሠርቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። የዶሮ እንቁላል ታክላለች። ከንብ ላይ ማውጣት እንጂ መሥራት ለምጄ አላውቅምና ሦስት ጊዜ አፍርሻታለሁ። ምንም ሳትነግሪው መዳፉ ላይ አስቀምጪለት። ማን እንደሆነች ራሱ ይለያት። ከዚያ በኋላ አባትህ አውቋል በይው፤ አውቆም ምንም አልቀነሰብህም በይው።

አባታችሁ
ዓለምነህ


ሶባ
የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ዕቃው ደርሷል። ገብረየስን ሲያገኙት ይቆጡልኝ፤ ከሞተሩ አጠገብ አድርጎት ኖሮ ሙቀቱ ሰሙን አለስልሶ አንዷን እግር አስጥሏታል። ስፈታው ደነገጥኩ። ልጠግናት ፈለግኩ፣ በኋላ ግን ጣቴ እንዳያበላሻት ብዬ ተውኩት። እንዳሉኝ ምንም ሳልናገር መዳፉ ላይ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ አሸተታት። «ይህ የሶባ ሰም አይደለም» አለ። ከዚያ አገላበጣት። ጀርባዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ክንፍ ፈለገ፣ አጣ። እግሮቿን አንድ በአንድ ያዘ። ፊቱን ሳይ ቆየሁ፤ ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም፣ እርስዎ ራስዎ ቢያዩት ኖሮ። ማወቅዎን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። የአያቶቹንም ነገር አነበብኩለት፤ አንዴ ደግመሽ አንብቢው አለኝ።

ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ እሱ እየተናገረ ነው የጻፍኩት። ከሥር ያለችው ስም መስመር ስታ ብትወጣ አይግረምዎ፤ በራሱ እጅ ነው የጻፋት።

አባዬ፣

አንተ አትሰማም፣ እኔ አላይም፤ መሐል ላይ ይህችን ሚስኪን አደከምናት። ይቅር በለኝ ልልህ ነበር፣ ሐመልማል «እሱን ለፋሲካ አቆየው፣ መጀመሪያ ለዝንቧ መልስ ስጥ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ቀፎ ከፈትኩ። ኦመር ጭሱን ያዘልኝ፤ ሐመልማል ርቃ ቆማ ትጸልይልኝ ነበር። ጣቴን ሰደድኩ። እጩ ያለበት ይሞቃል፣ እንዳልከው ነው። ሁለት ንቦች ነደፉኝ፣ ይገባኛል።

ዝንቧን ግን መጀመሪያ ስቆጥራት አምስት ሆነችብኝ። አምስት እግር ያለው ፍጥረት አላስተማርከኝም፣ አባቴ እንዲህ አይሳሳትም ብዬ እንደገና ዞርኩባት። በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ በጣትህ ጫፍ የጎደጎደች ቦታ አገኘሁ።

ስድስት ናቸው አባዬ። አንዷ መንገድ ላይ ቀርታ ነው እንጂ ቦታዋ አለ።

ልጅህ
ማሩ